ካርታው የማያውቀው ዳገት፦ በጭሮና በምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች የስልክ መንገድ ጠቋሚዎች ዳሰሳ

ከአዲስ አበባ ወደ ሐረር የሚሄድ መኪና አዋሽን አልፎ፣ የአሰቦትንና የሚኤሶን ቆላ ጨርሶ ዳገቱን ሲይዝ ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። አየሩ ይቀዘቅዛል፣ መንገዱ መጠማዘዝ ይጀምራል፣ የስልኩ ኔትወርክም ሄድ መጣ ይላል። ጭሮ ከአዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። ዳሽቦርዱ ላይ የቆመው ስልክ ግን ዳገት መጣ ብሎ ነገር የለውም። ከአዳማ ጀምሮ ሲያሳይ የመጣውን ሰማያዊ መስመር በዚያው ውፍረት፣ በዚያው ቀለም፣ ጋራውንም ሜዳውንም እኩል አድርጎ ማሳየቱን ይቀጥላል።

ሾፌሮች ምሳ ላይ ሲገናኙ «አንተ በየትኛው ነው የምትሄደው?» ይባባላሉ። ጉግል ማፕስ የሚል አለ፣ ማፕስ ሚ የሚል አለ፣ «እኔ መንገዱን ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ» የሚለውም ብዙ ነው። ለዚህ አካባቢ ግን የአፖቹ መልክና ፍጥነት ሁለተኛ ጉዳይ ነው ባይ ነኝ። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ካርታውን ማን ሞላው፣ ምኑንስ ሳይሞላ ቀረ የሚለው ነው።

በስልክ ካርታ መመራት በአገራችን የከተማ ልማድ ሆኖ ነው የተስፋፋው። ሳምራዊት ፍቅሩ የመሠረተችው ራይድ፣ ኋላም ፈረስና ሌሎቹ፣ የአዲስ አበባን ባለመኪና ተሳፋሪውን በካርታ ላይ ፈልጎ እንዲያገኝ አለማመዱት። እዚያ ጥያቄው ከሜክሲኮ ወደ መገናኛ በየት በኩል ብሄድ ከመጨናነቁ አመልጣለሁ የሚል ነው። በጭሮ አውራ መንገዱ አንድ ነው። ከሚኤሶ መጥቶ ከተማውን ሰንጥቆ ወደ ሂርና ያልፋል፤ ወደ ኩኒ፣ በዴሳና ገለምሶ የሚወስደው ከእሱ ይገነጠላል። አማራጭ በሌለበት መንገድ ላይ አማራጭ በመፈለግ የተካነ አፕ ብዙ ሥራ አይኖረውም።

ዌዝ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በእስራኤል ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2013 ጉግል ወደ አንድ ቢሊዮን ዶላር ገደማ አውጥቶ የገዛው ይህ አፕ የሚኖረው ሾፌሮች በሚያቀብሉት ወሬ ነው፤ እዚህ አደጋ አለ፣ እዚያ ትራፊክ ቆሟል፣ ወዲያ መንገድ ተዘግቷል ይባልበታል። ተጠቃሚው በበዛበት ከተማ የሚስተካከለው ማግኘት ይከብዳል። ወሬ አቀባይ በሌለበት በአሰቦትና በሂርና መካከል ግን የሚያወራለት አጥቶ ዝም ይላል፤ ኢንተርኔት ከጠፋም አዲስ መንገድ መቀየስ አይሆንለትም። የአፕል ካርታ በዋናነት የአይፎን ባለቤቶች ስለሆነ በሚኒባስና በኢሱዙ ሾፌሮች መካከል እምብዛም አይነሣም። እነዚህን ሁለቱን በዚህ ልለፋቸው።

ወደ ዋናዎቹ ከመግባቴ በፊት ብዙዎች የሚሳሳቱበትን አንድ ነገር ማንሣት አለብኝ። «ዳታ ከሌለ ጂፒኤስ አይሠራም» ይባላል። እንዲህ አይደለም። ጂፒኤስ ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ከሚዞሩ ሳተላይቶች የሚመጣ የሬዲዮ ምልክት ነው። ስልኩ ይቀበላል እንጂ ወደ ሳተላይቱ የሚልከው ነገር የለም፤ የአራት ሳተላይት ምልክት ካገኘ ያለበትን ቦታ ራሱ ያሰላል። ለዚህ ሲምም፣ ጥቅልም፣ ካርድ መሙላትም አያስፈልገውም። ኢንተርኔት የሚያስፈልገው ሥዕሉን ለማምጣት ነው። ኔትወርክ ሲጠፋ ሰማያዊዋ ነጥብ ባዶ ግራጫ ሜዳ ላይ ብቻዋን ስትሄድ የምትታየው ለዚህ ነው፤ ስልኩ የት እንዳለ ያውቃል፣ ዙሪያውን ምን እንዳለ ግን የሚያሳየው ሥዕል የለውም።

ይህ ትክክለኛነትም የቅርብ ጊዜ ነገር ነው። እስከ እ.ኤ.አ. ግንቦት 2000 ድረስ የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪሉ የሚደርሰውን ምልክት ሆን ብሎ ያዛባው ስለነበር ስህተቱ እስከ መቶ ሜትር ሊደርስ ይችል ነበር። ዛሬ ሰማዩ በተገለጠበት ቦታ ደህና ስልክ በአምስት ሜትር ገደማ ልዩነት ቦታውን ይለያል። ገደል ጥግ ላይ ምልክቱ ከድንጋዩ እየነጠረ ስለሚደርስ ስህተቱ ይጨምራል። ሌላም ነገር አለ፤ ብዙዎቹ ርካሽ ስልኮች ውስጥ የኮምፓስ መሣሪያ የለም። መኪናው ሲቆም ቀስቱ ወዲያና ወዲህ የሚዞረው በዚህ ምክንያት ነው። መገንጠያ ላይ ቆሞ «ቀኝ ነው ግራ?» እያለ በቀስቱ የሚጨነቅ ሰው ሃያ ሠላሳ ሜትር ነድቶ ቢያየው ይሻለዋል፤ ስልኩ አቅጣጫውን የሚያውቀው ከእንቅስቃሴው ነውና።

እንግዲህ ትልቁ ልዩነት በአንዱ አፕና በሌላው መካከል ሳይሆን፣ ካርታውን አውርዶ በተነሣና ሳያወርድ በተነሣ ሾፌር መካከል ነው። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ፣ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ጠፍቶ ነበር። በእነዚያ ሳምንታት ካርታ ያልተቀመጠበት ስልክ ለመንገደኛ ከሰዓትነት ያለፈ ጥቅም አልነበረውም። ከዚያ ወዲህ የኔትወርኩ ነገር ተሻሽሏል፤ ሳፋሪኮም በነሐሴ 2014 ዓ.ም. አገልግሎቱን ሲጀምር የመጀመሪያ ከተማው ያደረገው በዚሁ መንገድ ጫፍ ያለችውን ድሬዳዋን ነው። ጋራ ግን ጋራ ነው፤ አንቴናው ከሸንተረሩ ማዶ ከሆነ የየትኛውም ድርጅት ሲም ቢሆን ዝም ይላል።

ጉግል ማፕስ እ.ኤ.አ. በ2005 የጀመረ ሲሆን፣ ብዙው አንድሮይድ ስልክ ላይ ተጭኖ ስለሚመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚከፍተው እሱን ነው። ከእ.ኤ.አ. 2018 ወዲህ ገጹን በአማርኛ ማድረግም ይቻላል። አውራ መንገዱን ያውቃል፤ ማደያ፣ ሆቴል፣ ባንክ ወይም ሆስፒታል ለመፈለግ ከሌሎቹ ይልቅ እሱን እመርጣለሁ፤ የሳተላይት ፎቶውም ለማያውቁት መንደር ትልቅ እርዳታ ነው። ኦፍላይን ሲሆን ግን ጉልበቱ ይቀንሳል። የትራፊክ መረጃ አይሰጥም፣ አማራጭ መንገድ አያሳይም፣ የእግር መንገድ አይመራም፤ የወረደው ካርታም በየጊዜው ካልታደሰ ጊዜው ያልፍበታል። ቢሆንም ከአዋሽ እስከ ሐረር ያለውን በአንድ አራት ማዕዘን ከልሎ ማውረድ ይቻላል። ሆቴል ዋይፋይ ላይ በአንድ ቡና ጊዜ የሚያልቅ ሥራ ነው፤ ሳያደርጉት ለሚነሡት ሁልጊዜ አዝናለሁ።

ሁለተኛው ቤተሰብ ኦፕን ስትሪት ማፕ ከሚባለው ካርታ የተወለደው ነው። ስቲቭ ኮስት የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ2004 የጀመረው ይህ ካርታ ማንም ሰው ገብቶ ሊጨምርበትና ሊያርመው የሚችል፣ የጋራ ንብረት ነው። ማፕስ ሚ፣ ኦርጋኒክ ማፕስና ኦስምአንድ ሦስቱም የሚቀዱት ከዚህ ምንጭ ነው። ማፕስ ሚ ቀላልና ፈጣን ስለነበር በተጓዦች ዘንድ ስም አገኘ፤ ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጥና ማስታወቂያ ሲበዛበት ግን የቀድሞ ሠሪዎቹ ክፍት የነበረውን ኮድ ይዘው ማስታወቂያ የሌለበትን ኦርጋኒክ ማፕስን አወጡ። እኔ ለዚህ አካባቢ የምመርጠው ይህንን ነው። አንዴ ከወረደ ኢንተርኔት የሚባል ነገር አይጠይቅም፤ ባትሪም ይቆጥባል። ኦስምአንድ ጠለቅ ያለ ነው፤ መንገዱ የት ላይ እንደሚወጣና እንደሚወርድ በመስመር ሥዕል ያሳያል፣ የጭነት መኪና ምርጫም አለው። ምናሌው ግን ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ መኪና ቆሞ፣ ቤት ተቀምጦ መማር ይፈልጋል። ሂር ዊጎ የተባለውም ካርታው ወርዶ የሚሠራ ነው፤ በወረዳዎቹ ውስጥ ከእነዚህ የሚበልጥበት ነገር ግን አላየሁበትም።

አሁን ወደ ስም ልምጣ፤ ምክንያቱም በምዕራብ ሐረርጌ ካርታ ከሁሉ በላይ የሚሰናከለው በስም ነው። ከተማዋ ራሷ ሁለት ስም አላት። የጥንቱ ሹፌርና የአዲስ አበባው መንገደኛ አሰበ ተፈሪ ይላታል፤ የራስ ተፈሪን ስም የያዘ ስያሜ ነው። መንግሥታዊው ስሟና የነዋሪው አጠራር ጭሮ ነው። በአማርኛ ጭሮ ተብሎ የሚጻፈው በቁቤ፣ ማለትም በኦሮምኛው የላቲን ፊደል፣ ሲጻፍ በሲ ፊደል ይጀምራል፤ በቁቤ ብቻውን የቆመ ሲ የሚነበበው «ጭ» ተብሎ ነውና። በእንግሊዝኛ የለመደው ሰው ደግሞ ከሲ ቀጥሎ ኤች ይጨምርበታል፤ ያ በቁቤ «ች» ነው። ገለምሶም እንደዚሁ ነው፤ አንዱ በኢ፣ አንዱ በኤ ይጽፋታል፤ በዴሳን በቁቤ የሚጽፋት አናባቢዋንም ተነባቢዋንም ይደግማል። የሐረማያን ስም አለማያ ብሎ የለመደ ሰውም አለ። አፑ ሊረዳ የሚችለው የሚያውቀውን አጻጻፍ ብቻ ነው። ሰው ስሙን ጽፎ «አልተገኘም» ሲባል ቦታው የሌለ ይመስለዋል፤ ቦታው አለ፣ ያልተገናኙት ፊደሎቹ ናቸው።

የባሰውን ኦዳ ቡልቱም ላይ ታያላችሁ። ኦዳ ቡልቱም የኢቱ ኦሮሞ የገዳ ሥርዓት ማዕከል ነው፤ በበዴሳ በኩል ያለ የተከበረ ስፍራ ነው። ኦዳ ቡልቱም ቀድሞ ኩኒ ይባል የነበረው ወረዳም ስም ነው። ኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ጭሮ ከተማ ላይ ነው። ልጁን ዩኒቨርሲቲ ሊያደርስ ከሩቅ የመጣ አባት ስሙን ብቻ ጽፎ «ጀምር» ቢል፣ ስልኩ የትኛውን እንደሚመርጥለት በመንገዱ ርዝመት ካልጠረጠረ በቀር ማወቅ አይችልም። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለወላጆቻቸው ቦታውን በቴሌግራም ሎኬሽን ቢልኩላቸው ከማንኛውም ፍለጋ ይሻላል። አንድ ነጥብ ፊደል የላትም፤ ስለዚህ አትሳሳትም።

ከኦፕን ስትሪት ማፕ የወደድኩት ነገር እዚህ ላይ ነው። አንድ ቦታ ዋና ስም፣ የቀድሞ ስም፣ የአማርኛ ስምና የኦሮምኛ ስም ለየብቻ ሊሰጠው ይችላል። አሰበ ተፈሪ ብሎ የሚፈልገውም፣ ጭሮ ብሎ የሚፈልገውም እዚያው እንዲደርስ ማድረግ ይቻላል፤ የሚጎድለው ስሙን የሚያስገባ ሰው ብቻ ነው። ጉግል ኦሮምኛን ወደ ትርጉም አገልግሎቱ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። አብዛኛው ነዋሪ ኦሮምኛ በሚናገርበት ዞን የጉግል ካርታም ገና ብዙ የቤት ሥራ አለበት።

ሁለተኛው ጉድለት የመንገዱ ጠባይ ነው። በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው ቀበሌዎችን ከዋና መንገድ ጋር የማገናኘት መርሐ ግብር በየወረዳው ብዙ የገጠር መንገድ አስከፍቷል። እነዚህ መንገዶች በካርታው ላይ ቀጭን መስመር ሆነው ይታያሉ። በበጋ አቧራ ናቸው፤ በክረምት አንዳንዶቹ መኪና አያስገቡም። አፑ ደግሞ ወቅት አይቆጥርም። የደረሰብኝን ልንገራችሁ። በአንድ ክረምት ከሂርና ወጣ ወዳለ ቀበሌ ስሄድ አንድ አፕ ሁለት መንገድ አሳየኝ፤ አንደኛው አጠር ይላል። አጭሩን ያዝኩ። ግማሽ ሰዓት ያህል ከሄድኩ በኋላ ጎርፍ የቆረጠው ጅረት ጋ ደረስኩ፤ መዞሪያ ስላልነበረ መኪናውን ኋሊት እየነዳሁ፣ በአንድ ወገን ገደል በሌላው የማሽላ ማሳ እያየሁ ተመለስኩ። አንድ ገበሬ በረጋ ድምፅ «ይሄ የበጋ ነው» አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ አጭር መንገድ ሲሰጠኝ መጀመሪያ ወሩን አስባለሁ።

ስለ ዳገቱም እንዲሁ ነው። ጉግል ማፕስ የጭነት መኪና ስሌት የለውም፤ የሚያስበው ቀላል መኪና እንደሆነ አድርጎ ነው። ጭነት የያዘ ኢሱዙ ከሚኤሶ ወደ ጭሮ ሲወጣ በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተ ነው፤ ሲወርድም ሾፌሩ ፍሬኑ እንዳይግል ማርሽ ይዞ ነው የሚወርደው። አፑ «ይህን ያህል ደቂቃ» ብሎ የሚሰጠው ቁጥር ለእሱ ትርጉም የለውም። ልምድ ያለው ሾፌር ግምቱን ወስዶ የራሱን ይጨምርበታል፤ በሚኤሶ ቆላ ግመል መንገድ ሲያቋርጥ የሚጠብቀውን፣ በገበያ ቀን አስፋልቱ በሰውና በእንስሳ ሲሞላ የሚያጠፋውን፣ ደጋው ላይ ጉም ሲወርድ መብራት አብርቶ የሚንፏቀቀውን። ካርታው ላይ የገበያ ቀን የለም።

ስለ ሰዓት ካነሣን አንድ ትንሽ የምትመስል ግን ብዙ ጠብ የምታስነሣ ነገር ልጨምር። ስልኩ መድረሻውን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የሚናገረው። «3፡40» ካለ ለእኛ ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ነው። ሾፌሩ ያየውን ቁጥር ቀጥታ ለተቀባዩ ደውሎ «ሦስት ሰዓት ከአርባ ላይ እገባለሁ» ሲል፣ ጭሮ ላይ ዕቃ የሚጠብቀው ነጋዴ በጠዋቱ እንዳለፈው ወይም እስከ ማታ ሊጠብቅ እንደሆነ ግራ ይገባዋል። ስድስት ሰዓት የመቀነስ ልማድ የሌለው ጀማሪ ረዳት ይህን ስህተት ደጋግሞ ይሠራዋል።

የመጨናነቅ ቀለሞቹ፣ ቀይና ብርቱካናማው መስመር፣ ከየት እንደሚመጡ ማወቅም ይጠቅማል። ጉግል የሚያየው በመንገዱ ላይ ያሉ ስልኮች ምን ያህል ፈጥነው እንደሚንቀሳቀሱ ነው። ዳታ የከፈተ ስልክ ብዙ ከሌለ ቀለሙ አይኖርም፤ ቀለም አለመኖሩ ግን መንገዱ ነፃ ነው ማለት አይደለም። የቁልቢ ገብርኤል በዓል ሲደርስ፣ ከታኅሣሥ 19 እና ከሐምሌ 19 በፊት ባሉት ቀናት፣ በጭሮና በሂርና በኩል አውቶቡሱ፣ ሚኒባሱ፣ የቤት መኪናው ተከታትሎ ያልፋል። በዚያን ጊዜ ብዙ ስልክ መንገድ ላይ ስለሚኖር የአፑ የትራፊክ መረጃ ከሌላው ቀን የተሻለ እምነት ይጣልበታል። በተራ ማክሰኞ ግን የመንገዱን ዜና የሚናገረው ከፊት የሚመጣው ሾፌር ነው። መብራቱን ብልጭ ካደረገ አንድ ነገር አለ ማለት ነው። ቀጥሎ ያለው ስልክ መደወል ነው፤ «ሂርና ደርሰሃል? እንዴት ነው?» የሚለው ጥያቄ ዛሬም ከየትኛውም አፕ የሚቀድም ዜና ያመጣል። የጫት ጫኝ ሾፌሮች፣ ቅጠሉ ሳይጠወልግ መድረስ ያለባቸው፣ ከማንም በላይ በዚህ ይተማመናሉ። መንገዱን በቃላቸው ያውቁታል፤ የሚፈልጉት መንገዱ ክፍት መሆኑን ነው።

ስለዚህ «የትኛው ይሻላል?» ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው መልሴ እንደ ሥራው ይለያያል። በጭሮ ከተማ ውስጥ የሚሠራው የባጃጅ ልጅ አፕ አያስፈልገውም፤ መናኸሪያው፣ ሆስፒታሉ፣ ዩኒቨርሲቲው በጭንቅላቱ ውስጥ ናቸው፣ እንዲያውም ካርታ የሚሞላ ሰው መጀመሪያ ማማከር ያለበት እሱን ነው። በአውራ መንገዱ ብቻ አልፎ ሐረር ወይም ድሬዳዋ የሚገባ መንገደኛ ጉግል ማፕስን አውርዶ ከያዘ ይበቃዋል። ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ዶባ፣ መሰላ፣ ቦኬ ወይም መቻራ አካባቢ የሚሠራ፣ የጤና ባለሙያም ሆነ የግብርና ሠራተኛ፣ ኦርጋኒክ ማፕስን ጨምሮ ሁለቱንም ይያዝ፤ አንዱ የማያውቀውን መንደር ሌላው ሊያውቀው ይችላል። ሁለቱ ካልተስማሙ ደግሞ መስኮት ዝቅ አድርጎ መጠየቅ ነው። ስልኩን ግን መስታወቱ ሥር ባለ መያዣ ላይ አቁሙት፤ መድረሻውንም ሳትነሡ ጻፉ። በዚያ ጥምዝ ላይ ወደ ጉልበት ጎንበስ ብሎ ስክሪን መንካት ከሰው ሕይወት ጋር መጫወት ነው፤ ይህን በጣም አምርሬ ነው የምናገረው። ረዳት ካለ ስልኩን እሱ ይያዘው።

የሚቀረው ካርታውን መሙላት ነው። ይህ ሥራ ከአዲስ አበባም ሆነ ከለንደን ሆኖ በሳተላይት ፎቶ ብቻ አያልቅም። ከላይ ያየ ሰው መስመሩን መሳል ይችላል፤ መስመሩ በነሐሴ ምን እንደሚሆን፣ ጅረቱ ላይ ድልድይ ይኑር ድንጋይ፣ መንደሩን ሰዎቹ ማን ብለው እንደሚጠሩት የሚያውቀው ግን የቦታው ሰው ነው። ስማርት ስልክ ያላቸው የኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በዕረፍት ወደየቀበሌያቸው ሲመለሱ አንድ አንድ መንገድ ቢያስገቡ፣ አስፋልት ወይም ጠጠር ወይም አፈር ብለው ቢለዩት፣ ስሙን በቁቤም በግዕዝ ፊደልም ቢጽፉት፣ ለቀጣዩ አምቡላንስ መንገድ ይሆናል።

በበዴሳ በኩል መንገድ ስትጠይቁ ሽማግሌው በጣታቸው እያሳዩ «ያን ዋርካ እስክታልፍ ሂድ፣ ከዋርካው ሥር ወደ ግራ ታጠፍ» ይሏችኋል።  ያቺን ዛፍ በሁለቱም አፖች ፈለግኳት፤ በአንዱም አላገኘኋትም። ቆሜ ነጥቧን አስቀመጥኩ፣ ሽማግሌው የነገሩኝን ስም ጻፍኩበትና ወደ ግራ ታጠፍኩ።